ተልእኮ

“ተልእኮ” የግእዝ ቃል ነው፤ ሥሩ “ለአከ”፣ ላከ ማለት ነው። መልአክ፣ መልእክት፣ ልኡክ የሚሉት ቃላት ከዚያው ይወጣሉ። ዛሬ ቃሉ ሲነሳ ብዙ ምእመን የሚታየው ሩቅ አገር መሄድ ነው። በግእዝ ግን “ተልእከ” ተላከ ብቻ ሳይሆን አገለገለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ፍቺ ሊዘነጋ አይገባም።

ለምሳሌ፣ የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን መልእክተኞች በ1866 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ሲደርሱ ዓላማቸው ወደ ኦሮሞ ምድር መዝለቅ ነበር። መንገዱ ተዘጋ። እዚያው ምጽዋና አጠገቧ ባለው እምኩሉ ግን ከባርነት ነፃ የወጡ ልጆችን ተቀብለው አስተማሩ። በልጅነቱ ተጠልፎ ደጋግሞ የተሸጠው አናሲሞስ ነሲብ ከነዚህ አንዱ ነው፤ የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ በእሱ ትርጉም በ1899 ታተመ። እሷም ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ በቃል የምታውቃቸውን የኦሮሞ ተረቶች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች በጽሑፍ አሰፈረች፤ ከአናሲሞስ ጋር ያዘጋጀችው የንባብ መጽሐፍም በ1894 ወጣ። ወንጌሉን ወደታሰበው ሕዝብ ያደረሱት፣ መንገድ ላይ የተገኙት ልጆች ናቸው!

የተልእኮ በጀት የምታወጡ አብያተ ክርስቲያናት፣ ከጉዞ ወጪው በፊት በአጥራችሁ ሥር ላሉት ልጆች ምሳና ደብተር መድቡ።