ለአንድ ኦርጋን የተጻፈን ሙዚቃ ለሦስት ሰው ማካፈል

በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ኦርጋን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ኪቦርዱን ነው። ዛሬ የምናወራችሁ ግን በጀርመን አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ስላለው፣ ነፋስ በቧንቧዎቹ እየገባ ድምፅ ስለሚሰጠው ትልቅ መሣሪያ ነው። ለእርሱ የተጻፈን ሙዚቃ ወስዶ ለሁለት ለሦስት ትንንሽ መሣሪያዎች ማቀናበር ሥራውን ማራቆት ነውን? እኛም በአንድ ወቅት እንደዚያ እናስብ ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን ራሱ ዮሐን ሰባስቲያን ባህ ነው።

ባህ በላይፕዚግ አገልግሎት በጀመረ በሁለተኛው እሑድ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1723፣ በመዝሙር 19 ቃል የሚጀምር ካንታታ አቀረበ። ካንታታው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ከስብከት በፊት፣ ሌላው ከስብከት በኋላ ይቀርብ ነበር። (ስብከቱ ያን ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ይወስድ ነበርና እኛን አትሙን!) ሁለተኛው ክፍል የሚከፈተው ያለ ዘማሪ ነው፤ አንድ ኦቦ ዳሞሬ፣ በደጋን የሚጫወት አንድ ቪዮላ ዳ ጋምባ፣ ከሥራቸውም ባስ።

በ1730 ገደማ ባህ ይህንኑ ሙዚቃ አንሥቶ ለኦርጋን ካዘጋጃቸው ስድስት ሶናታዎች የአራተኛው መክፈቻ አደረገው። የሁለቱን መሣሪያዎች ዜማ ሁለቱ እጆች ተካፈሉት፤ ባሱን እግሮች ያዙ። ፎርክል በ1802 ባሳተመው የባህ ታሪክ እንደጻፈው፣ ሶናታዎቹ የተዘጋጁት የበኩር ልጁ ቪልሄልም ፍሪደማን እንዲሠለጥንባቸው ነው። አባትየው ለልጁ ቀላል ነገር አልሰጠውም፤ አንዱ እጅ በሌላው ላይ መደገፍ አይችልምና።

እንግዲህ ዛሬ ይህን ሶናታ ለቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የሚያቀናብር ሰው ባህ በሄደበት መንገድ ተመልሶ እየሄደ ነው። መንገዱ ግን ሜዳ አይደለም። የኦርጋን ፔዳል ብዙ ጊዜ ከተጻፈው ኖታ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ጭምር ስለሚሰማ፣ ቼሎ ብቻውን ሲይዘው ይሳሳል፤ አንዳንዶች ኮንትራባስ የሚጨምሩት ለዚህ ነው። ከዚህ የሚከብደው የትንፋሽ ጉዳይ ነው። የኦርጋን ድምፅ ጣት እስካልተነሣ ድረስ አይደክምም። የቫዮሊኑ ደጋን ግን መመለስ አለበት፤ ዜማው ለኦቦ ከተሰጠም ተጫዋቹ መተንፈስ አለበት። የት? ባህ ለኦርጋኒስቱ ይህን አልጻፈለትም። ደካማ አቀናባሪ፣ ቅዱሱን መጽሐፍ ሲያነብ በጥቅሱ መካከል እንደሚያቆም ሰው፣ ሐረጉን ይቆርጠዋል። ጎበዙ ዜማው ራሱ የሚያርፍበትን ቦታ ፈልጎ ያገኛል።

ሁሉም ሥራ ለዚህ ይሆናል አንልም። እንደ ታዋቂው ቶካታና ፉጋ በዲ ማይነር ያሉት፣ ሕንፃውን በሚሞላ ድምፅ የቆሙት፣ ለኦርጋን ቢተዉ እንመርጣለን። በሶናታዎቹ ግን የሚገኝ ነገር አለ። የኦርጋን ቁልፍ ጠበቅ አድርገው ቢጫኑት ድምፁ አይጨምርም፤ ሦስቱ ተጫዋቾች ግን እያንዳንዳቸው ድምፃቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አንዱ ለሌላው ቦታ ሊለቅ ይችላል።

መስማት የምትፈልጉ በመጀመሪያ የካንታታ 76ን ሁለተኛ ክፍል መክፈቻ፣ ቀጥሎ አራተኛውን ሶናታ በኦርጋን፣ ከዚያም በሦስት ተጫዋቾች ስሙት። ኦቦ ካለበት፣ ተጫዋቹ የት እንደሚተነፍስ ልብ በሉ።