ስለ ጋብቻ ፈቃድና ስለ ዝምታ፤ በዳሞት አገር ልማድ

በምዕራብ ጎጃም፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው የዳሞት ገጠር፣ ጋብቻ ከጥንት ጀምሮ የሁለት ወገኖች ውል ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ስለ ነበር፣ ልጅን ለማን እንደሚድሩ የሚቈርጡ ወላጆች የልጅ ልጆቻቸው በየትኛው መሬት መብት እንደሚኖራቸው ጭምር ይቈርጡ ነበር። ስለዚህ የወንዱ አባት ሽማግሌ ይልካል፤ የሴቲቱ አባት ቀን ይቀጥራል፤ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቈጠራል፤ ለጎጆ መውጫ የሚሰጠውም ከብት ይነገራል። ልጅቱ ብዙ ጊዜ የምትሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነበር፤ ዝም ካለችም እንደ ፈቀደች ይቈጠራል። ይህ ልማድ ዛሬ በብዙ ስፍራ ቢለወጥም ፈጽሞ አልጠፋም።

ዝምታን በፈቃድ መቍጠር የዳሞት ብቻ ሐሳብ አይደለም። የሮማው ሕግ ዐዋቂ ኡልፒያን ስለ መተጫጨት ሲጽፍ፣ የአባቷን ፈቃድ ያልተቃወመች ልጅ እንደ ተስማማች ትቈጠራለች ብሏል። ኬልሱስም አባቱ ገፋፍቶት ያገባ ልጅ መታዘዝን መርጧልና ጋብቻው የጸና ነው ይላል።

በአገራችን ግን የተጻፈው ሕግ ከልማዱ የተለየ ነው። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 24 የተጋቢዎቹን ፈቃድ ይሻል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በኀይል የተገኘ ፈቃድ ጋብቻን ሊያፈርስ እንደሚችል ደነገገ፤ ዕድሜውንም ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አደረገ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነጻና ሙሉ ፈቃድን ጠየቀ፤ የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግም ለሁለቱም 18 ዓመት ወሰነ።

ሆኖም ሕጉ ኀይል የሚለው ዛቻንና የአደጋ ሥጋትን ነው። በገጠር ግን ሽማግሌዎች በደጅ ቆመው፣ አባት ቃል ሰጥቶ፣ ጠላው ተጠምቆ ሳለ፣ ልጅቱን ማንም ሳይዝትባት እምቢ ማለት ያቅታታል። የ1952ቱ ሕግ ስለ ውል በሚናገርበት በቍጥር 1709 ይህን የአክብሮት ፍርሃት ያውቀዋል፤ የተፈራው ሰው ራሱ ተዋዋይ ሆኖ ከልክ ያለፈ ጥቅም ካላገኘ በቀር ግን ውሉን አያፈርስም ይላል። በጋብቻ የሚፈራው አባት ተዋዋይ ተብሎ አይጻፍም፤ ዝምድናውንና ክብሩን የሚያተርፈው ግን እርሱ ነው።

መታዘዝ ሁሉ መገደድ ነው አንልም። ለአካለ መጠን ደርሳ ወላጆቿን በማመን እሺ የምትል ሴት ፈቃዷ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። መለያው፣ እምቢ ብትል ኖሮ ቃሏ ይከበር ነበርን? የሚለው ጥያቄ ነው። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባት አባቷ ቃል ከመስጠቱ በፊት ነው። የአባትን ቃል የሚያደርሱ ሽማግሌዎች የልጅቱንም እምቢታ ማንንም ሳያሳፍሩ ለማድረስ አያንሱም።