ለ16 ዓመት ገዢ ያጣ መዓዛ

ካስኬድ የሚለውን ስም ከማግኘቱ በፊት ይህ የሆፕ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ) ዝርያ ለዓመታት የሚታወቀው 56013 በሚል ቁጥር ነበር። ዘሩ የተለቀመው በ1956 (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ኦሪገን ውስጥ ኮርቫሊስ ከተማ ካለው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምርምር ማሳ ነው። በእናቱ በኩል የእንግሊዞቹ ፈግልና ሰረብሪያንካ የተባለ የሩሲያ ዝርያ አሉበት። አባቱን ግን ማንም አልመረጠለትም፤ የወንዴውን ብናኝ ያመጣው ነፋስ ነው። ተመራማሪው ጃክ ሆርነር ይፈልግ የነበረው መዓዛ ሳይሆን ዳውኒ ሚልዲው የሚሉትን፣ ቅጠልና አበባ የሚያበላሽ በሽታ የሚቋቋም ተክል ነበር። ተክሉ በሽታውን ተቋቋመ፤ ገዢ ግን አጣ።

ምክንያቱ ሽታው ነው። የካስኬድ አበባ በመዳፍ ሲታሽ የግሬፕፍሩት ልጣጭ ይሸታል። የዚያን ጊዜ ትልልቅ የአሜሪካ ጠማቂዎች ደግሞ የለመዱት ለስለስ ያለውን የጀርመን ሆፕ ነው፤ በተለይ ከባቫሪያ፣ ከሃለርታው የሚመጣውን ሚተልፍሩህ። ቢራቸው ፍራፍሬ ፍራፍሬ እንዲል አልፈለጉም። እኔ እዚሁ ኦሪገን ቤቴ ውስጥ ቢራ የምጠምቅ ሰው ነኝና፣ ያ ተክል ያን ያህል ጊዜ ሳይነቀል መቆየቱን ባሰብኩ ቁጥር የጠበቁትን ሰዎች ከልቤ አመሰግናለሁ።

በር የከፈተለት የሌላ አገር ችግር ነው። ቨርቲሲሊየም ዊልት የተባለ አጠውላጊ በሽታ የሃለርታውን ማሳ ሲመታ ሚተልፍሩህ ተወደደ። ኩርስ የተባለው ትልቅ ጠማቂ ምትክ ፍለጋ ፊቱን ወደ ኮርቫሊሱ ተክል አዞረ። በ1972 ተክሉ ካስኬድ ተብሎ፣ በአካባቢው የተራራ ሰንሰለት ስም፣ ለገበሬዎች ተለቀቀ።

በጀርመን ሆፕ ምትክ መግባቱ ግን መዓዛውን አላስከበረውም። መዓዛውን ለራሱ ሲሉ የፈለጉት ትንንሾቹ ጠማቂዎች ናቸው። በ1975 የሳን ፍራንሲስኮው ጠማቂ አንከር፣ ሊበርቲ ኤል የተባለውን ቢራ በካስኬድ ጠመቀ። በ1976 ኬን ግሮስማን የሚባል ወጣት ካሊፎርኒያ ውስጥ ቺኮ ከተማ የቤት ጠመቃ ዕቃ መሸጫ ከፈተ። ለቤት ጠማቂ ይደርስ የነበረው ሆፕ ብዙውን ጊዜ ያረጀና የጠወለገ ስለነበር፣ ግሮስማን ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ያኪማ ድረስ እየነዳ፣ ነጋዴዎች ለትልልቅ ጠማቂዎች ናሙና ብለው የሚቆርጡትን ትኩስ ሆፕ ገዝቶ ይመለስ ነበር። እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይህን ጉዞ ነው። በ1980 የራሱን ጠመቃ ሲጀምር ሴራ ኔቫዳ ፔል ኤል በካስኬድ መዓዛ ወጣ፤ አሜሪካኖች ያንን መዓዛ የለመዱት ከሁሉ በላይ በዚያ ቢራ ነው።

በመካከሉ የቤት ጠመቃ ሕጉም ተለወጠ። የመጠጥ ክልከላው በ1933 ሲነሳ በቤት ወይን መጥመቅ ሲፈቀድ ቢራ ተረስቶ ቀርቶ ነበር። ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 የፈረሙት ሕግ ሁለት አዋቂዎች ላሉበት ቤት በዓመት 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር ገደማ ፈቀደ። ክፍለ ግዛቶቹ ግን የየራሳቸው ሕግ ነበራቸው፤ አላባማና ሚሲሲፒ የፈቀዱት በ2013 ነው።

ከዚያ ወዲህ ለካስኬድ ብዙ ተከታይ መጥቷል። የኒውዚላንዱ ኔልሰን ሶቪን ነጭ ወይን ይሸታል፤ ሲትራ ማንጎና ሎሚ ይሸታል፤ ዛሬ በአሜሪካ በእርሻ ስፋት ካስኬድን በልጦታል።

እናቴ ባሕር ዳር ገበያ ጌሾ ስትገዛ ቅጠሉን በጣቷ ፈትጋ ሳታሸት ገንዘብ አታወጣም ነበር። ሆፕም የሚመረጠው እንዲሁ ነው። አበባው አረንጓዴ ይሁን፣ ውስጡ ያለው ቢጫ ዱቄት ይጣበቅ፣ ያረጀ አይብ ከሸተተ ይመለስ። አያያዙ ላይ ግን ይለያያሉ። ጌሾ ከውሃና ከብቅል ጋር ለቀናት ተዘፍዝፎ ምሬቱን ይሰጣል፤ የሆፕ ምሬት የሚወጣው በመንተክተክ ነው፣ ሙቀቱ የምሬቱን ምንጭ አልፋ አሲድን ለውጦ በውሃ እንዲሟሟ ሲያደርገው። መዓዛውን የያዘው ዘይት ደግሞ በዚያው ሙቀት በኖ ይጠፋል። ስለዚህ ለ20 ሊትር የምጠቀምበትን ከፋፍዬ ነው የምጨምረው፦ ለምሬት ጥቂት ግራም ከመጀመሪያው ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ይንተከተካል፤ ሌላው እሳቱ ሲጠፋ ይገባል፤ ትልቁ ድርሻ፣ 50 ግራም ያህል፣ መብላላቱ ሲያበቃ ተጨምሮ ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆያል። ከዚያ በላይ ከቆየ የሣር ጣዕም ሊመጣ ይችላል።

ጀማሪ ምን ልግዛ ብሎ ሲጠይቀኝ ካስኬድ እለዋለሁ፣ ሲትራ የበለጠ ቢጮህም። የካስኬድ አልፋ አሲድ ከ5 እስከ 7 በመቶ ስለሆነ እጅ ትንሽ ቢከብድም ቢራው ከልክ በላይ አይመርም፤ አንዱ ዝርያ ለምሬቱም ለመዓዛውም ይበቃል፤ ብቅሉም ከሥሩ ይቀመሳል።