ክረምት ያቆየው እንግዳ
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

በተማሪነታችን ዘመን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ስለ አውሮፓ አራት ወቅቶች ሲነግሩን፣ በረዶ የሚወርድበትንና የሐይቅ ውሃ እንደ ድንጋይ የሚጠናበትን ጊዜ መምህሮቻችን «ክረምት» ብለው ይተረጕሙልን ነበር። ይህ የሆነው የተሻለ አቻ ቃል ስላልተገኘ ነው እንጂ፣ የእኛ ክረምትና የሰሜን ሰዎች ክረምት የሚመሳሰሉት ምናልባት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ሰውን ከቤት ያውላሉ፤ ከቤት የዋለም ሰው እሳት አንድዶ ከጎረቤቱና ከእንግዳው ጋር ይጫወታል።

ለዚህ ፊንላንድን እንመልከት። በዚያች አገር በታኅሣሥ ወር በዋናዪቱ ከተማ በሄልሲንኪ የቀኑ ብርሃን ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ በሰሜን ጫፏ ደግሞ ፀሐይ ለሰባት ሳምንት ያህል ከአድማስ በላይ ብቅ አትልም። በዚህ ጊዜ ወደዚያ የሄደ እንግዳ አስቀድሞ የሚጋበዘው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ሳውና የሚባለው የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ሁለተኛው ቡና። ፊንላንዳውያን በነፍስ ወከፍ ብዙ ቡና በመጠጣት ከዓለም ሕዝቦች ግንባር ቀደም ከሚባሉት ወገን ናቸው። የሚጠጡት ቡና ከፊሉም ከአገራችን የሄደ ነው። እንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ፣ «እኛን በክረምታችን የሚያሞቀን ቡና የሚበቅልበት አገር የራሱ ክረምት ምን ይመስላል?» ብሎ ቢጠይቀን፣ ፋይል ከፍተን ስኒ ከፊታችን አስቀምጠን የምንውል የመሥሪያ ቤት ሰዎች መልስ አለን ወይ?

የጅማ ሕዝብ በኦሮምኛ ክረምቱን «ገና» ይለዋል፤ ዝናቡ ሲያባራ የሚመጣውን ጥቢ «ብራ»፣ በጋውን ደግሞ «ቦና»። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው «ገና» ሲባል የሚታሰበው የልደት በዓል ስለ ሆነ በመጀመሪያ ሲሰማው ግር ይለዋል። የፊንላንድ ሰው ግን የልደት በዓሉ በክረምቱ መካከል ስለሚውል ምናልባት ከእኛ ይልቅ ቶሎ ይገባው ይሆናል።

በጅማ ዝናቡ ሰኔን አይጠብቅም። በመጋቢት ይጀምርና ከሰኔ እስከ መስከረም እየበረታ ይሄዳል፤ በዓመት ውስጥ የሚወርደውም ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ቡናን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያኖረው ይህ ዝናብ ነው፤ በቀድሞ ጊዜ የቡናን መንገድ የሚዘጋውም ያው ዝናብ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የጊቤ መንግሥታት የሚባሉት ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ ቡናቸውን፣ ዝባዳቸውን፣ ማራቸውንና የዝሆን ጥርሳቸውን የሚልኩት በጎጃም በባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ነበር። ዐባይ በሞላ ጊዜ ያንን መንገድ የሚሻገር ሲራራ ነጋዴ አልነበረም። ስለዚህ ሰኔ የያዘው ሰው፣ ነጋዴም ይሁን መልእክተኛ፣ ወንዙ እስኪጐድል ድረስ ወራቱን እዚያው መቀመጥ ግዴታው ነበር።

ከዝናቡ ሌላ ሁለተኛ አቋች ደግሞ ነበረ፤ እርሱም ኬላው ነው። መንግሥታቱ ድንበራቸውን በጉድጓድና በአጥር አጥረው፣ ከዚያም ወዲያ «ሞጋ» የሚባል ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ትተው፣ መግቢያውን በኬላ ያስጠብቁ ነበር። የመጣ እንግዳ ለኬላው ሹም ለአባ ኬላ ስሙንና ጉዳዩን ይናገራል፤ መልእክተኛ ወደ ንጉሡ ይሄዳል፤ እንግዳውም መልሱ እስኪመጣ ድረስ ደጁ ላይ ይሰነብታል። (ባለጉዳይን «ነገ ተመለስ» ማለት የለመደ አንባቢ ካለ፣ ይህ ሥርዓት ጥንታዊ መሠረት እንዳለው ሲያውቅ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።) ንጉሡ ከፈቀደ ግን እንግዳው የንጉሡ እንግዳ ነው፤ ማደሪያውና ቀለቡ የሚታሰብለት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

የጅማን ምድር ስለ ጐበኙት የውጭ አገር ሰዎች ያነበብሁትን ሁሉ ሳስተያይ አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። በበጋ ገብቶ በበጋ የወጣው ጐብኚ ስለ ንጉሡ ጽፏል፤ ክረምት ወይም ኬላ ያቆየው ግን ስለ ሕዝቡ ጽፏል። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እየጠቀስሁ ጥቂቶቹን ላንሣ።

ፈረንሳዊው ሊቅ አንትዋን ዳባዲ በ1843 ወደ ሊሙ እናርያ መዲና ወደ ሰቃ ደረሰ። በዚያ የነገሠው ከ1825 እስከ 1861 የገዛው አባ ባጊቦ ነበር። (የእነዚህ ነገሥታት ስም በፈረስ ስም የሚጠራ መሆኑን አንባቢ ያስታውስ፤ የአባ ባጊቦ የልጅነት ስሙ ኢብሳ ነው።) ዳባዲ ወደ ከፋ ለማለፍ ይቸኩል ነበር፤ ንጉሡ ግን በቶሎ አላሰናበተውም። በመጨረሻ ቦንጋን ለማየት የበቃው ለአባ ባጊቦ ሙሽራ ሊያመጡ ከሚሄዱት ሽማግሎች ጋር ተደባልቆ ነው። በቦንጋ የተቀመጠው ጥቂት ቀን ብቻ ሲሆን፣ በሰቃ ግን የገበያውን፣ የመንገዱንና የቋንቋውን ነገር በየዕለቱ ሲጽፍ ኖረ። ይህ ሰው ኋላ በ1881 ትልቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ያው ዳባዲ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጣልያናዊው ካፑቺን ጳጳስ ጉልየልሞ ማስያስ፣ አባ ማስያስ የሚሉት፣ ለዓመታት በዚያ ምድር ተመላልሶ ከ1859 እስከ 1861 በከፋ ተቀመጠ፤ ከዚያም ተባረረ። ለሃይማኖቱ ያገኘው ተከታይ ብዙ አልነበረም። ሕዝቡ ያስታወሰው በሌላ ነው፤ የፈንጣጣ ክትባት እያዘጋጀ ሕፃናትን ይከትብ ስለ ነበር «አባ ፈንጣጣ» ብለው ስም አወጡለት። ከ1885 ጀምሮ በ12 ጥራዝ የታተመው የሠላሳ አምስት ዓመት ትዝታው ሊነበብ የሚገባው ለዚህ ነው፤ የበሽተኛ ቤት የገባ ሰው የእልፍኝ እንግዳ የማያየውን ያያልና።

ከሁሉ የከበደው የአንቶንዮ ቼኪ ታሪክ ነው። ቼኪና ጓደኛው ጆቫኒ ኪያሪኒ በ1878 ከሸዋ ተነሥተው ወደ ከፋ ሲያቀኑ በጌራ ተያዙ። ጌራን በዚያን ጊዜ የምትገዛው ገኔ ፋ የተባለች ንግሥት ነበረች። የሁለቱ ሰዎች ጉዞ ወደ ግዞት ተለወጠ፤ ኪያሪኒ በ1879 እዚያው ሞተ፤ ቼኪም በ1880 የጎጃሙ ራስ አዳል፣ ኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ አማላጅ ሆነው እስኪያስለቅቁት ድረስ ብቻውን ተቀመጠ። በዚያ ዝናብና በዚያ ኀዘን መካከል ይህ እስረኛ ያደረገውን ተመልከት። የሚጠብቁትንና የሚቀልቡትን ሰዎች እያነጋገረ ሥርዓታቸውን፣ የንግሥና ወጋቸውን፣ የኬላውን አሠራር ጻፈ፤ ከ1886 ጀምሮ ባሳተመው መጽሐፍም ሦስተኛው ጥራዝ የኦሮምኛና የሌሎች የዚያ አገር ቋንቋዎች ሰዋስውና ቃላት ሆኖ ወጣ። የኪያሪኒን አፅም አውጉስቶ ፍራንዞይ የተባለ ሌላ ጣልያናዊ ኋላ እስከ ጌራ ድረስ ሄዶ ወሰደ። አገሩን ያወቀውም ያላወቀውም እንግዳ በአንድ መቃብር ሥር ሊቀር ይችል እንደ ነበር ይህ ያሳስበናል።

ከእነዚህ ጋር የሩሲያውን ፈረሰኛ መኰንን አሌክሳንደር ቡላቶቪችን ብናስተያየው ልዩነቱ ይታያል። ቡላቶቪች የራስ ወልደ ጊዮርጊስን ጦር ለመከተል በ1898 መጀመሪያ ወደ ከፋ ሲገሠግሥ በጅማ አለፈ። ያገለገለው ከፊንላንድ ድንበር በማይርቀው በሴንት ፒተርስበርግ አካባቢ ስለ ነበር የበረዶውን ክረምት አሳምሮ ያውቃል፤ ጅማን ግን ያየው በበጋ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋርን፣ የአገሩን ልማትና የሰዉን ታታሪነት በጥሩ ብዕር ጽፏል። ሰውየውን አልነቅፈውም፤ ወታደር ነው፣ ትእዛዝ አለበት። ነገር ግን ከመጽሐፉ ውስጥ የአንዲት የጅማ ባልቴት ምድጃ ፈልገህ አታገኝም።

እዚህ ላይ ዝም ብሎ ማለፍ የማይገባ ነገር አለ። የሐሙሱ የሂርማታ ገበያ፣ ዛሬ የጅማ ከተማ የቆመበት ስፍራ፣ ከሩቅ አገር ሰው የሚጐርፍበት ነበር፤ ሆኖም ወደዚያ የመጣው ሁሉ በፈቃዱ የመጣ አልነበረም። ከደቡብና ከምዕራብ ተማርከው የመጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ልጆች ከቡናውና ከዝባዱ ጋር ይሸጡ ነበር፤ ንግዱም እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ዘልቋል። በአገራችን ባርነትን ፈጽሞ የሻረው ዐዋጅ የወጣው በ1942 ነው። የጅማን እንግዳ ተቀባይነት የሚያመሰግን ሰው እነዚህን ያለ ወዳጅ፣ ያለ ስም ያለፉትን እንግዶች ካላሰበ ያመሰገነው ግማሹን አገር ነው።

ወደ ምድጃው እንመለስ። በሐምሌ የጅማ ገጠር ቤት ሲታይ ጭሱ በሣር ክዳኑ ውስጥ እየተንፎለፎለ ይወጣል፤ ከውስጥ ሦስት እግር ባላቸው በርጩማዎች ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ እሳት ይሞቃል፤ እንጨት ጠርቦ በርጩማ መሥራት ራሱ የጅማ ሰው የታወቀበት ሙያ ነው። ቡናው የሚጠጣ ብቻ አይደለም። «ቡና ቀላ» የሚሉት አለ፤ «ቀላ» ማለት ማረድ ነው። እሸፈኑ ያልተላቀቀው የቡና ፍሬ ጫፉ ተቈርጦ በፈላ ቅቤ ውስጥ ይጨመራል፤ ሲንጣጣ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፤ ከዚያም ሽማግሌው መርቆ ለእንግዳውና ለቤተ ሰቡ ይታደላል። ከብት ለሚታረድለት እንግዳ የሚሰጠው ክብር እዚህ በቡና ፍሬ ይሰጣል ማለት ነው። ይህን ማንም መንገደኛ በአንድ ቀን ሊያየው ይችላል፤ ትርጕሙን ለመጠየቅ ግን መቀመጥ ያስፈልጋል።

ለሥራ ጉዳይ በሐምሌ ወር ወደ አጋሮ በወረድሁ ጊዜ አንዲት እናት ቤት ከዝናብ ተጠልዬ የመጀመሪያውን ስኒ እንደ ጠጣሁ ሰዓቴን አይቼ ለመነሣት ስሰናዳ፣ «ልጄ፣ ዝናቡ ሳያባራ አንተ ወዴት ትነሣለህ?» አሉኝ። በአማርኛ ነው የነገሩኝ፤ ከልጃቸው ጋር ግን በኦሮምኛ ሲነጋገሩ አንዲት ቃል አልገባኝም ነበር። እሳቸው በእኔ ቋንቋ ሊያስተናግዱኝ የቻሉት፣ ሹማምንቱ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በላይ በአማርኛ ብቻ ሲጽፉና ሲፈርዱ ስለ ኖሩ ነው።

ይህ ነገር እኛን በቅርብ ይነካል። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1880ዎቹ ለምኒልክ ግብር ገብተው የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ኖሩ፤ በ1932 ግን ጅማ ራስ ገዝነቷን አጣች፤ እሳቸውም በዚያው ዓመት ዐረፉ። ጣልያኖችም ከ1936 እስከ 1941 ከተማዪቱን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው ዋና ከተማ አደረጓት። ከዚያ በኋላ የከፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ስትሆን ጸሐፊው፣ ዳኛው፣ የገንዘብ ያዡ፣ መምህሩ ከአዲስ አበባ ይላክላት ጀመር። በኬላ ደጅ ሳይቆም፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ የዝውውር ደብዳቤውን ይዞ የገባ የመጀመሪያው እንግዳ ይህ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ዛሬ በክልሉ የሥራው ቋንቋ ኦሮምኛ ስለ ሆነ ነገሩ ተገልብጧል፤ ነገር ግን በባንኩ፣ በዩኒቨርሲቲው፣ በልዩ ልዩ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ወደ ጅማ፣ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት የሚዛወር ሰው አሁንም አለ። ደብዳቤው ሲደርሰው የሚያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ዓመት ያቆዩኛል?» የሚል መሆኑን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዳባዲም በሰቃ የጠየቀው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ኸርበርት ሉዊስ ወደ ጅማ መጥቶ ተቀመጠ። በአባ ጅፋር ዘመን የኖሩና በጅሬን ግቢ ያገለገሉ ሽማግሎች በሕይወት ነበሩ። ሉዊስ የኬላውን፣ የአባ ቆሮውን፣ የገበያውንና የችሎቱን ነገር ከአፋቸው እየሰማ ጽፎ በ1965 በመጽሐፍ አወጣው። እነዚያን ሽማግሎች አሁን አናገኛቸውም፤ የነገሩት ግን በእንግሊዝኛ ተጽፎ ቀርቷል። የእኛ ሰዎች በዚያው ዘመን በዚያችው ከተማ ነበሩ፤ ብዙ ደብዳቤም ጽፈዋል፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ግን ከመካከላቸው ስለ መውጣቱ አላነበብሁም።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል የአስፋልት መንገድ ነው፤ አውሮፕላንም አለ፤ ጊቤም ሆነ ዝናብ ማንንም አያቆይም። ጐብኚው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በኅዳር ነው፤ ወደ ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያያል፤ በየደጁ የተሰጣውን ቀይ ቡና ፎቶግራፍ ያነሣል፤ በማግሥቱ ይመለሳል። በሐምሌ የመጣው ግን የተሰጣ ቡና አያገኝም፤ ፍሬው በቅጠሉ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ተደብቋል። «ቡናው የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅም ንባቡ ጥቂት ቢለያይ እንጂ በአማርኛም በኦሮምኛም የሚመለስለት ቃል አንድ ነው፤ ገና ነው።