ጠባቡ ሐዲድና የቄሱ ጓሮ

ማንበብ ከመጀመራችሁ በፊት ማስመሪያ አንሡና 45 ሚሊ ሜትር ለኩ። ከሦስት ጣት ስፋት ትንሽ የሚያንስ ነው። ይህን ቁጥር በ22.5 ብታባዙት 1012 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም አንድ ሜትር ያህል ይሆናል። አንድ ሜትር ደግሞ ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል አዲስ አበባ የገባው የአሮጌው ምድር ባቡራችን ሐዲድ ስፋት ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚህ ጠባብ ሐዲድና በሰዎች ጓሮ ስለሚሮጡ ትንንሽ ባቡሮች ነው። «ይህ ከእምነታችን ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትንሽ ታገሡኝ፤ እንደርስበታለን።

ሐዲድ ለምን ጠበበ?

በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ያነሰው ሁሉ ጠባብ ሐዲድ ይባላል። ጠባብ ሐዲድ የተመረጠው ለውበቱ አይደለም። በተራራ ወገብ ላይ ጠምዝዞ ለመውጣት ይመቻል፤ የሚቆረጠው አለትና የሚደለደለው አፈር ያንሳል፤ ድልድዩም ጎታቹም በአነስተኛ ወጪ ይሠራል። በአጭሩ ገንዘብ ላጠረውና ተራራ ለበዛበት አገር የሚሆን መንገድ ነው።

ለእኛም የሆነው ይኸው ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 ነበር (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ሥራው በ1897 ተጀመረ። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሆን መንገድ 20 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። «ለገሃር» የምንለው ስም ራሱ «ጣቢያው» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በ1920ዎቹ ከባሕር ማዶ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ዋና መንገዱ ይህ ባቡር ነበር። የወንጌል መልእክተኞችም መጽሐፋቸውንና መድኃኒታቸውን ይዘው በዚሁ ጠባብ ሐዲድ መጥተዋል። ከለገሃር ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የቀጠሉት በበቅሎ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ አንድ ቅጠል በዚያ ባቡር ተሳፍሮ መጥቷል።

ከፋብሪካ ወደ ጓሮ

አሁን ወደ ትንንሾቹ እንሂድ። በ1881 ኧርንስት ፓውል ሌማን የተባለ ጀርመናዊ ብራንደንቡርግ በምትባል ከተማ የቆርቆሮ መጫወቻ ፋብሪካ ከፈተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያ አካባቢ በሶቪየት ኅብረት እጅ ወደቀ፤ ፋብሪካውም ተወረሰ። የያዘው ቤተሰብ ወደ ምዕራብ ጀርመን ተሻግሮ በኑረምበርግ ከተማ እንደገና ከዜሮ ጀመረ።

በ1968 ይኸው ኩባንያ በጓሮ የሚሮጥ ባቡር ለገበያ አወጣ። የመጀመሪያዋ ጎታች «ሽታይንዝ» ትባላለች። እውነተኛዋ ሽታይንዝ በ1892 ተሠርታ በኦስትሪያ ገጠር ያገለገለች ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ናት። ሌሎችም ተከተሏት፦ የጀርመን የሃርዝ ተራሮች ጎታቾች፣ የስዊዘርላንድ ቀያይ ባቡሮች፣ የአሜሪካ የኮሎራዶ ባቡሮች። የሃርዙና ብዙዎቹ የስዊዘርላንድ ባቡሮች የሚሄዱት ልክ እንደ እኛው በአንድ ሜትር ሐዲድ ላይ ነው። 45 ሚሊ ሜትሩ ሐዲድ የእነርሱ ምስል ነው።

ለጓሮ ለምን ጠባቡ ተመረጠ? ምክንያቱ በተራራው ላይ ከነበረው ጋር አንድ ነው። ትልቅ ባቡር ሰፊ መታጠፊያ ይፈልጋል። አጭሯ የጠባብ ሐዲድ ጎታች ግን ከመሃል እስከ ጠርዝ 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ በሆነ ክብ ትዞራለች፤ በአንድ የጽጌረዳ ተክል ዙሪያ ማለት ነው። ሐዲዱ ዝናብ እንዳይበላው ከነሐስ ይሠራል፤ ኤሌክትሪኩም በዚያው በሐዲዱ በኩል ይደርሳታል። በጋዝ ወይም በስፒሪት ውኃ አፍልተው በእውነተኛ እንፋሎት የሚሄዱም አሉ።

ይህን የሚሰበስቡ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ከነካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል፤ አቧራ እንዳይነካው፣ ዋጋው እንዳይወርድ ይጠነቀቃል። ሌላው ሐዲድ አንጥፎ፣ ቅጠል ጠርጎ፣ ጎረቤቱን ልጆች ጠርቶ ያስሮጠዋል። ቀለሙ ይላጣል፣ ጎማው ይበላል፤ ግን ይሄዳል። መክሊቱን የቀበረውን ባሪያ ታስታውሳላችሁ? ጌታው የወቀሰው ስለ ሰረቀ አልነበረም።

ሁለት ቄሶች

«ቶማስ» የተባለውን ሰማያዊ ባቡር በልጅነታችሁ በቴሌቪዥን ያያችሁት ትኖራላችሁ። የጻፈው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ዊልበርት ኦድሪ ነው። አባቱም ቄስ ነበሩ፤ ባቡር ይወዱ ነበር። ዊልበርት ልጅ ሳለ ማታ ማታ ከቤታቸው አጠገብ ዳገት የሚወጡ ባቡሮችን ሲሰማ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ ይመስለው ነበር። በጦርነቱ ዘመን ልጁ ክሪስቶፈር ኩፍኝ ይዞት ተኝቶ ሳለ ያንን ንግግር ተረት አድርጎ አወራለት። ባለቤቱ ማርጋሬት «ይታተም» ብላ ገፋፋችው፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1945 ወጣ። አንድ አባት ለታመመ ልጁ የተናገረው ነገር ዓለምን ዞረ።

በዌልስ ደግሞ ታሊሊን የተባለ፣ ስፋቱ 686 ሚሊ ሜትር የሆነ የድንጋይ ማመላለሻ ባቡር ነበረ። ባለቤቱ በ1950 ሲሞቱ ሊዘጋ ነበር። ፍቅር ያላቸው ሰዎች ተሰብስበው በ1951 ያለ ደመወዝ ያስኬዱት ጀመር፤ በዓለም የመጀመሪያው በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ባቡር ሆነ። ሲረከቡት ከሁለቱ ጎታቾች መሄድ የምትችለው አንዷ ብቻ ነበረች፤ ዕድሜዋም 85 ገደማ ነበር። ቄስ ኦድሪ በቀጣዩ ዓመት ሄደው የባቡር ተቆጣጣሪ ሆነው አገለገሉ። አንድ ቀን ፊሽካ ቸኩለው ነፍተው መክሰስ የምትሸጠውን ሴት ጣቢያ ላይ ጥለዋት ሄዱ! ስሕተታቸውን አልደበቁም፤ በመጽሐፋቸው ውስጥ ታሪክ አደረጉት።

ወዳጃቸው ቄስ ቴዲ ቦስተን ደግሞ ካድቢ በምትባል የእንግሊዝ መንደር ያገለግሉ ነበር። በ1960ዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ በተሰጣቸው ቤት ጓሮ እውነተኛ ጠባብ ሐዲድ አነጠፉ። «ፒክሲ» የተባለችውን፣ በ1919 ተሠርታ በማዕድን ቁፋሮ ያገለገለች የእንፋሎት ጎታች አምጥተው አስሮጡባት። ሐዲዱ ርዝመቱ 100 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ሰዉ ግን ከሩቅም ከቅርብም ይመጣ ነበር።

«የእግዚአብሔር አገልጋይ እንዲህ ባለ ነገር ጊዜውን ያባክናል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄው ተገቢ ነው። ደስ የሚል ነገር ሁሉ ጣዖት ሊሆን ይችላል፤ ለባቡር የሚወጣው ገንዘብም ቀላል አይደለም። እኔ ግን መለኪያው አንድ ይመስለኛል፦ ነገሩ በርህን ይዘጋል ወይስ ይከፍታል? የቄሱ ጓሮ በር የከፈተ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው ባቡር ለማየት መጥቶ ቄስ ያገኝ ነበር።

የእኛስ ሐዲድ?

ከ2016 ጀምሮ በሰፊው ሐዲድ የሚሄድ አዲስ ባቡር አለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከአሮጌው ጎታቾች ግን አብዛኞቹ ቆመዋል። በእነርሱ ላይ የሠሩ፣ የተሳፈሩ፣ ጣቢያ ላይ ሙዝና ብርቱካን የሸጡ አረጋውያን ዛሬም በአጥቢያዎቻችን መካከል ይኖራሉ፤ ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ኢያሱ ከዮርዳኖስ 12 ድንጋይ ያስወጣው ልጆች አይተው «ይህ ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ ነበር። ድንጋዩ ቢኖርም ጠያቂ ልጅ ከሌለ ታሪኩ ዝም ይላል።

ስለዚህ የጓሮ ባቡር ግዙ አልላችሁም። ይልቅ በዚህ ሩብ ዓመት ወደ አንድ አባት ወይም እናት ሂዱ። ስልካችሁን ለመቅረጫ ክፈቱና «በባቡር ሄደው ያውቃሉ? ወንጌል ወደ እርስዎ ቤት በየት መንገድ መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ስሙ።

ለኅብረት ውይይት

1. ኢያሱ 4ን አንብቡ። በአጥቢያችሁ «ይህ ምንድን ነው?» የሚያሰኝ ምን አሮጌ ነገር አለ?
2. የምትወዱት የጊዜ ማሳለፊያ በራችሁን የሚከፍት ነው ወይስ የሚዘጋ?
3. በካርቶን ውስጥ እንዳለ ያስቀመጣችሁት ስጦታ አለ? እንዳይላጥ ብላችሁ ነው?