ከዋንጫው በኋላ ያሉት ስምንት ዓመታት

ሉቻኖ ቫሳሎ ሲነሳ የብዙው ሰው ትዝታ ከአንዲት ቀን አያልፍም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ኢትዮጵያ 4 ግብፅ 2፣ አምበሉ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ሲቀበል። በቃ። የሰውየው ትልቅነት ግን ያለው ከዚያች ቀን በፊትና በኋላ ነው።

ሉቻኖ በ1927 ዓ.ም. አስመራ ተወለደ። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት። በዚያ ዘመን ክልስ መሆን ማለት ለሁለቱም ወገን ባይተዋር መሆን ነው። ከጅግጅጋ በሐረር በኩል ሲወርዱ የምትገኘው ድሬዳዋ ደግሞ የማንንም ዘር ብዙ የማትጠይቅ የባቡር ከተማ ነበረች። እሱም ስሙን የተከለው እዚያ፣ በጥጥ ፋብሪካው ቡድን ነው። ኮተን በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮናነት ደጋግሞ ወስዷል።

የፍጻሜውን ጨዋታ ልብ ብሎ ላየው ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታለች። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ቢያደርግም ደስታው አንድ ደቂቃ ብቻ ቆየ፤ ባዳዊ ወዲያው መለሰው። ስታዲየሙ ጸጥ ባለበት በዚያ ሰዓት፣ በ84ኛው ደቂቃ፣ 2 ለ 2 ያደረገው ሉቻኖ ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨረሱት። የኢታሎና የመንግሥቱ ጎል ይወራል፤ ያለ ሉቻኖዋ ጎል ግን ጭማሪ ሰዓት የሚባል ነገር አልነበረም።

ያም ሆኖ፣ ራሱ ሉቻኖ ሲናገር እንደኖረው፣ የጣሊያን ስም ያለው ክልስ ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቆሞ ዋንጫ መቀበሉ ያልተዋጠላቸው ሹማምንት ነበሩ። አምበሉ እሱ ነው ብለው የጸኑት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

እንዲህ የተደረገበት ሰው ዋንጫውን አንስቶ ቢሰናበት ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን ቀረ። በ1956 ጋና ላይ አራተኛ። በ1958 ቱኒዝ ላይ በቱኒዚያ 4 ለ 0፣ በሴኔጋል 5 ለ 1። በ1960 በገዛ ሜዳችን፣ በግማሽ ፍጻሜ፣ በጭማሪ ሰዓት በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2። በ1962 ካርቱም ላይ በአይቮሪኮስት 6 ለ 1። ቡድኑ በየጊዜው ሲወርድ ሉቻኖ ሠላሳ አራት ዓመት እስኪሞላው አብሮ ነበር። (ዛሬ አንድ ሽንፈት በቅቶት «ከብሔራዊ ቡድን ራሴን አግልያለሁ» ብሎ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ ተጫዋች አይጠፋም።) ለብሔራዊ ቡድን 104 ጊዜ ተሰልፎ 99 ጎል አስቆጥሯል ተብሎ ይጠቀሳል። ከጎሎቹ ይልቅ 104ቷ ትበልጣለች፤ ጎል በመልካም ቀን ይገባል፣ ያን ያህል ጨዋታ ለመሰለፍ ግን ክፉውንም ቀን መቻል ይጠይቃል።

ጫማውን ከሰቀለ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ። በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወጣ፣ ጣሊያንም ገባ። መስከረም 2015 ዓ.ም. እዚያው በ87 ዓመቱ አረፈ።