ፈረሱን ለፈረሱ የተወው ሻምበል

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የተሣሉ የአደን ሥዕሎችን ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አያልፍም። ፈረሱ አጥር እየዘለለ ነው። ጋላቢው ግን ከፈረሱ ጋር ወደፊት የሚሄድ አይመስልም። ጀርባውን ወደ ኋላ ለጥጦ፣ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ፣ ዛቡን ጨምድዶ፣ አንዳንዴም አንድ እጁን ወደ ሰማይ ሰቅሎ በፈረሱ ወገብ ላይ ሊጋደም ጥቂት ነው የቀረው። ዛሬ አንድ ጀማሪ እንዲህ ሆኖ ቢዘል አሠልጣኙ ወዲያው ያስቆመዋል። ያኔ ግን ትክክለኛው አቀማመጥ ይኸው ነበር። በጦር ትምህርት ቤት የሚሰጠውም፣ አባት ለልጁ የሚያሳየውም ይኸው ነው።

ይህን ልማድ ከሥሩ የነቀለው ፌዴሪኮ ካፕሪሊ የተባለ ኢጣሊያዊ የፈረሰኛ ጦር ሻምበል ነው። ዛሬ በየትኛውም አገር መሰናክል የሚዘል ጋላቢ፣ ስሙን ሰማም አልሰማ፣ የሱ ተማሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ካፕሪሊ የተወለደው በ1868 በወደብ ከተማዋ በሊቮርኖ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወታደርነትን መርጦ በቱሪን አቅራቢያ፣ በአልፕስ ተራሮች ግርጌ ወደሚገኘው የፒኔሮሎ የፈረሰኛ ትምህርት ቤት ገባ። በ1891 ደግሞ ሮም ዳር፣ ቶር ዲ ኩዊንቶ ላይ ተጨማሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ፈረሰኛ ጦር በተስተካከለ ሜዳ ላይ ተሰልፎ ከመሮጥ ይልቅ ወጣ ገባውን አገር አቋርጦ ማሰስ፣ መልእክት ማድረስና ቦይም አጥርም ሳይመርጥ ማለፍ የሚጠበቅበት ዘመን መጥቶ ነበር። በአዳራሽ ውስጥ አንገቱን አጉብጦ በዝግታ እንዲራመድ የተገራ ፈረስ ለዚህ ሥራ አይመችም። ካፕሪሊ በሁለቱም ትምህርት ቤቶች አለፈ፣ በኋላም አስተማረባቸው።

የጥንቱ አቀማመጥ የራሱ አመክንዮ ነበረው። ፈረስ ዘሎ ሲወርድ መጀመሪያ መሬት የሚነካው በፊት እግሮቹ ነው። እነዚያ ቀጫጭን እግሮች የራሱንም የጋላቢውንም ክብደት መሸከም የሚችሉ አይመስሉም። ስለዚህ ጋላቢው ወደ ኋላ ቢጋደም ሸክሙ ወደ ኋላ እግሮች ይዛወራል፣ ዛቡን ወደ ላይ ቢስብ ደግሞ የፈረሱን ጭንቅላት ደግፎ ከመውደቅ ያድነዋል ተብሎ ይታመን ነበር። ሲያወሩት ደስ ይላል። ሲሠሩት ግን ፈረሱ ከመሬት በተነሳ ቁጥር የልጓሙ ብረት አፉን ይሸነቁረዋል፣ በወረደ ቁጥር የጋላቢው መቀመጫ ወገቡን ይደልቀዋል። በሁለት በሦስት ዝላይ ውስጥ መሰናክልና ሕመም አንድ መሆናቸውን ይማራል። ከዚያ ወዲያ አንዱ መሰናክሉ ሥር ደርሶ እምቢ ይላል፣ ሌላው ቶሎ ለመገላገል ዓይኑን ጨፍኖ ይሮጣል፣ ሌላው ወገቡን አጉድጉዶ አንገቱን ሰቅሎ ሲዘል የኋላ እግሩ ከእንጨቱ ጋር ይላተማል።

ካፕሪሊ ጋላቢውን ትቶ ፈረሱን ማየት ጀመረ። ማንም ሳይቀመጥበት እንዴት ይዘላል? በወቅቱ እየተስፋፋ የመጣው ፎቶግራፍም ዓይን የማይዘውን አቁሞ ያሳይ ነበር። ፈረሱ ወደ መሰናክሉ ሲጠጋ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይዘረጋል፤ መሬቱን ይመትራል። ከዚያ አንገቱን ብድግ አድርጎ ፊቱን ያነሳል፣ የኋላ እግሮቹን ከሆዱ ሥር ሰብስቦ ራሱን ወደ ላይ ይተኩሳል። አየር ላይ ሳለ ጀርባው እንደ ደጋን ይጎብጣል፣ አንገቱም ወደፊትና ወደ ታች ይለጠጣል። መሬት ሲደርስ አንዱን የፊት እግር፣ ቀጥሎ ሌላውን ያሳርፋል፤ አንገቱ እንደገና ቀና ብሎ ሚዛኑን ይጠብቃል። ጋላቢው የፈለገውን ያህል ወደ ኋላ ቢለጠጥ ይህ ቅደም ተከተል አይለወጥም። የሚለወጠው የፈረሱ ሥቃይ ብቻ ነው።

ከዚህ የወጣው መደምደሚያ ለዘመኑ ሰው ድፍረት ነበር፦ መዝለል የፈረሱ ሥራ ነው፤ የጋላቢው ሥራ አለማደናቀፍ ነው። እንስራ ያዘለች ሴት ቦይ የምትሻገረው እንስራው ከጀርባዋ ጋር ሲሄድ እንጂ ወደ ኋላ ሲጎትታት አይደለም። ካፕሪሊ ጋላቢውን እንዲህ ያለ፣ አብሮ የሚሄድ ሸክም ሊያደርገው ፈለገ። እርካቡን አሳጠረ። ክብደቱን ከመቀመጫ አንሥቶ በጭን፣ በጉልበትና በባት በኩል ወደ ተረከዝ አወረደው። መቀመጫው ከኮርቻው ትንሽ ከፍ እንዲል፣ ደረቱ ከዳሌው ታጥፎ ወደፊት እንዲያዘነብል አደረገ። እጁም የፈረሱን አፍ ተከትሎ፣ አንገቱ በተዘረጋ ቁጥር አብሮ እንዲሄድ አዘዘ።

በዚያው ዘመን በሩጫ ሜዳም ተመሳሳይ ነገር ይታይ ነበር። አሜሪካዊው ጆኪ ቶድ ስሎን በ1897 እንግሊዝ ሄዶ በአጭር እርካብ ፈረሱ አንገት ላይ ተጠቅልሎ ሲጋልብ ሰዉ መጀመሪያ ሳቀበት፣ ሲያሸንፍ ጊዜ ግን ኮረጀው። የሱ ጉዳይ ግን በሜዳ ላይ ፍጥነት ነበር። ካፕሪሊ የተጨነቀው ገደልና አጥር ስለሚያልፍ ወታደር ነው።

እዚህ ላይ የጥንቱን ጋላቢ ሞኝ ማድረግ አይገባም። በዓለም ላይ ያለ የፈረስ አቀማመጥ ሁሉ ለሥራው ተብሎ የተበጀ ነው። እኛ አገር ጉግስ የሚጫወተው ሰው ሽምጥ እየጋለበ ዘንግ ይወረውራል፣ ከኋላ የሚመጣበትን ዞሮ በጋሻ ይመክታል። ከፊትም ከኋላም ከፍ ያለው ኮርቻ ወገቡን ደግፎ ይይዘዋል፤ በእግር አውራ ጣትና በቀጣዩ ጣት መካከል የሚያዘው እርካብ ደግሞ ለባዶ እግር የተመቸ ነው። በ1896 ዓድዋ ላይ የተፈታውን የኢጣሊያ ጦር እግር በእግር ያሳደዱት ፈረሰኞች፣ በተለይም የኦሮሞ ፈረሰኞች፣ የተቀመጡት እንዲህ ነበር። ያን ጊዜ ካፕሪሊ የ27 ዓመት መኮንን ነው። አበው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ፤ መዋጋቱ የሰውየው ከሆነ አቀማመጡም የሚበጀው ለሰውየው ክንድ ነው። መሰናክል ሲመጣ ግን ሥራው ተገላብጦ የፈረሱ ይሆናል። የካፕሪሊ ብልኅነት ይህን መለየቱ ላይ ነው።

ተማሪዎቹን የፈተነበት ቦታ ዛሬም በፎቶግራፍ ይታያል። ቶር ዲ ኩዊንቶ ላይ ቀጥ ያለ ገደል ሊሆን ምንም ያልቀረው የቁልቁል ሸርተቴ ነበር። መኮንኖቹ ከጫፉ ተነሥተው ሲወርዱ ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ተንሸራቶ አፈር እያዘነበ ይሄዳል፤ ጋላቢው ደግሞ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ አይለጠጥም፤ ደረቱን ወደ ፈረሱ አንገት አቅርቦ ዛቡን ለቀቅ አድርጎ ይወርዳል። እነዚያ ፎቶግራፎች በዓለም ዙሪያ ሲሰራጩ ብዙ ፈረሰኛ ዓይኑን ማመን አቅቶት ነበር።

ካፕሪሊ ብዙ አልጻፈም። በ1901 በኢጣሊያ የፈረሰኛ ጦር መጽሔት ላይ ያወጣቸው ጥቂት ገጾች ናቸው ዋናው ቅርሱ። የበለጠ የመሰከረለት ሥራው ነው። በ1902 ቱሪን ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ ውድድር ሜሎፖ በተባለ ፈረስ 2.08 ሜትር ዘለለ። ከሁለት ዓመት በፊት በፓሪስ ኦሊምፒክ የከፍታ ዝላዩን አንደኝነት አንድ ፈረንሳዊና አንድ ኢጣሊያዊ የተጋሩት በ1.85 ሜትር እንደነበር ሲታሰብ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አለቆቹ መጀመሪያ ላይ ዘዴውን በጥርጣሬ ቢያዩትም ብዙም ሳይቆይ የኢጣሊያ ፈረሰኛ ጦር በሙሉ ተቀበለው።

እሱ ግን ፍሬውን ለማየት አልታደለም። በታኅሣሥ 1907 ቱሪን ውስጥ በእርምጃ ከሚሄድ ፈረስ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታና ሞተ። ዕድሜው 39 ነበር። ያን ሁሉ ገደል ወርዶ፣ ያን ሁሉ አጥር ዘሎ፣ የሞተው በከተማ ጎዳና ላይ ነው።

ዘዴውን ያስፋፉት ተማሪዎቹና ፒኔሮሎ ድረስ የመጡት የውጭ አገር መኮንኖች ናቸው። ሩሲያዊው ፓቬል ሮድዚያንኮ እዚያ ተምሮ ሲመለስ የሩሲያ መኮንኖች ቡድን የለንደኑን የኪንግ ኤድዋርድ ዋንጫ በ1912፣ በ1913ና በ1914 በተከታታይ አሸንፎ የግሉ አደረገው። አብዮቱ ከአገሩ ካስወጣው በኋላ ደግሞ የአየርላንድን ጦር የዝላይ ቡድን አሠለጠነ። በ1920 የአንትወርፕ ኦሊምፒክ በግል ዝላይ ወርቁንም ብሩንም ኢጣሊያኖች ወሰዱ፤ ወርቁ ትሬቤኮን የጋለበው የቶማዞ ሌኵዮ ነበር። በ1932 ሎስ አንጀለስ ላይ ብር ያገኘው አሜሪካዊ ሃሪ ቼምበርሊን ቶር ዲ ኩዊንቶ ላይ የተማረ ነው፤ ወርቁን የወሰደው ጃፓናዊ ታኬይቺ ኒሺ ደግሞ የጋለበው ኢጣሊያ ውስጥ የገዛውን ኡራነስ የተባለ ፈረስ ነው።

ይህ የግልቢያ ትምህርት ወደ እኛ አካባቢ የመጣው በክፉ ቀን ነው። በፒኔሮሎ ባህል ያደገው አሜዴኦ ጊዬት ለ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ ታጭቶ ሳለ ውድድሩን ትቶ ኢትዮጵያን ከወረረው ጦር ጋር ዘመተ። በኋላም ከአገሬው ተወላጆች የተውጣጣ የፈረሰኛ ባንዳ እየመራ በጥር 1941 ምዕራብ ኤርትራ ውስጥ፣ ኬሩ ላይ፣ መድፍ የታጠቀውን የእንግሊዝ ጦር በፈረስ ገጠመ። ለዳር ድንበር የኖረ የሐበሻ ፈረስ ለሌላ ሰው ጦርነት ዋለ። ከ19 ዓመት በኋላ በ1960 ሮም ላይ የተገናኘነው ግን በሌላ መልክ ነው። ራይሞንዶ ዲንዜዎ በፈረስ ዝላይ ወርቅ፣ ወንድሙ ፒዬሮ ብር አግኝተው ኢጣሊያ ስትጨፍር፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን አሸነፈ።

ዛሬ ዝላይ የሚማር ሰው የሚጀምረው ካፕሪሊ ካቆመበት ነው። እርካቡ ለሜዳ ግልቢያ ከለመደው ሁለት ሦስት ቀዳዳ ያጥራል። መጀመሪያ መሰናክል የሚባል ነገር የለም፤ መሬት ላይ የተጋደሙ እንጨቶች ብቻ ናቸው፣ ለሶምሶማ እንዲመቹ ከ1.20 እስከ 1.40 ሜትር ያህል ተራርቀው። ተማሪው መቀመጫውን ከኮርቻው አንሥቶ በሶምሶማ ያልፋቸዋል። አሠልጣኙ የሚያየው እግሩን ነው። ተረከዙ ወደ ታች ከሰመጠና ቁርጭምጭሚቱ እንደ ሞላ ከሠራ የላዩ አካል ራሱ ቦታውን ያገኛል። ተረከዙ ከተነሣ ግን ባቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጉልበቱ ኮርቻውን ይቆነጥጣል፣ ሰውየው ፈረሱ ሲያርፍ በግንባሩ ይደፋል።

ጀማሪ ላይ ሁለት ተቃራኒ ጥፋቶች ይታያሉ። አንዱ ወደ ኋላ መቅረት ነው፤ ፈረሱ ሲነሳ ተማሪው ይዘገይና ሚዛኑን ለመጠበቅ ዛቡን ይስባል። መድኃኒቱ ጋማ መያዝ ወይም በፈረሱ አንገት ላይ ጠፍር ማሰር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት የፈረሱ አፍ በዚህ ይድናል። ሁለተኛው ፈረሱን መቅደም ነው። ተማሪው ወደፊት ማዘንበልን ራሱን ግብ አድርጎ ይይዝና ፈረሱ ሳይነሳ እሱ ይነሣል። ፈረሱ በመጨረሻዋ ቅጽበት ቢቆም ጋላቢው ብቻውን ይዘላል። ካፕሪሊን በከንቱ ካሳሙት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። እሱ ያስተማረው ከፈረሱ ጋር መሄድን ነው፤ ወደፊት ማጎንበስ የመጣው ፈረሱ ወደፊት ስለሚሄድ ነው። ዳሌውን የሚያጥፈው የፈረሱ መነሣት እንጂ የተማሪው ችኮላ መሆን የለበትም።

ሁሉም ነገር ግን እንደ እሱ አልቀረም። ካፕሪሊ የአዳራሹን ረቂቅ ሥልጠና ለመስክ ፈረስ አያስፈልግም ብሎ ነበር። በዛሬው ሜዳ ግን መሰናክሎቹ ተቀራርበው በተቆጠረ እርምጃ ይቀመጣሉ፤ ፈረሱ በትእዛዝ እርምጃውን ማሳጠርና ማስረዘም፣ በጠባብ ቦታ መዞር ካልቻለ እንጨቱን ይጥላል። ስለዚህ የዘመኑ ጋላቢ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ያለ መሰናክል፣ ካፕሪሊ በናቀው ዓይነት ሥልጠና ላይ ነው። ሻምበሉ በዚህ ተሳስቷል ማለት ይቻላል። ከመሬት ተነሥቶ መሬት እስኪነካ ባለችው ቅጽበት ግን እስከ ዛሬ ያረመው የለም። ጎበዝ አሠልጣኝም ዛሬ ተማሪውን የሚለካው በዘለለው ከፍታ ብቻ አይደለም። ፈረሱን ዞር አድርጎ ወደዚያው መሰናክል ሲመልሰው ፈረሱ ጆሮውን አቁሞ በራሱ ፈቃድ ከሄደ ጋላቢው በደንብ ተቀምጧል፤ ከሸሸ ደግሞ ጥፋቱ ከፈረሱ ወገብ በላይ ይፈለጋል።